ምራቅ ለመሰብሰብ ከሆሳዕና እስከ ሙዱላ

እስከ ዛሬ ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ መናገርም አይሆንልኝም። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ልጆቻቸው በደቡብ አፍሪካ መንገድ የጠፉባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያው ኮሪደር እያስቆሙ «ምራቃችንን ወስዳችሁ ምን አደረጋችሁት?» ብለው ሲጠይቁኝ አንገቴን ደፍቼ ማለፉ ስላሳፈረኝ ነው። በአፌ ያቃተኝን በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ፤ ሌላው እንዳየሁት ነው።

መነሻ

ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። አባቴ የሌሞ ሀዲያ፣ እናቴ የአንጋጫ ከምባታ ስለሆኑ ሁለቱንም ቋንቋ ያገኘሁት ከቤት ነው። አንድ ጠዋት ኮሪደር ስወለውል የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጠሩኝና ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ እንግዳ ፊት አቆሙኝ።

«ሀዲይኛም ከምባትኛም ትችላለች» አሉ ኃላፊው። «ደግሞ ወሬ አታበዛም።»

«እንዲያውም ይበልጥ የምፈልገው እሱን ነው» አሉ እንግዳው።

አቶ ሰለሞን ይባላሉ፤ የወንጀልና የአስከሬን ምርመራ ባለሙያ ናቸው። የመጡበትን ጉዳይ እዚያው ባልዲዬ አጠገብ ቆመው ነገሩኝ። ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚያስኬደው መንገድ ላይ ባለ አንድ አገር፣ ጫካ ውስጥ የአንድ ወጣት አጥንት ተገኝቷል። የራስ ቅሉ ላይ የተመታበት ምልክት አለ። ኪሱ ውስጥ የነበረው የሌላ አገር መታወቂያ ነው። የዚያ አገር ፖሊስ ሲጠየቅ ግን እንዲህ የሚባል ሰው የለንም አለ፤ ለካ መታወቂያው ደላላ ያሠራለት የሐሰት ነው። ልጁ ማን እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ ከማን ጋር እንደሄደ፣ ማን እንደመታው መጠየቅ አይቻልም። ምርመራው እዚያ ላይ ቆመ።

ከዚያ አጥንቱን ወደ ላቦራቶሪ ላኩት።

«እያንዳንዱ ሰው ከእናትና ከአባቱ የወረሰው ምልክት በደሙም በአጥንቱም በምራቁም ውስጥ አለ» አሉኝ አቶ ሰለሞን። «አያት ቅድመ አያቶቻቸው አንድ አካባቢ ብዙ ዘመን የኖሩ ሰዎች ብዙ ምልክት ይጋራሉ። ላቦራቶሪው የልጁን ምልክት ከብዙ አገር ሰዎች ጋር ሲያስተያይ በጣም የቀረበው ከእናንተ ደጋ ሰዎች ጋር ነው። ይቀርባል ይላል እንጂ በእርግጥ የዚያ ሰው ነው አይልም። ስሙንም አይነግረንም። የት ሄደን እንደምንጠይቅ ግን ነገረን።»

ሥራችን እንግዲህ ልጃቸው በዚያ መንገድ ሄዶ ድምፁ የጠፋባቸውን ወላጆች ምራቅ መሰብሰብ ሆነ። አጥንቱ ወደ አገራችን መራቸው፤ የማን ቤት ልጅ እንደሆነ የሚለየው ግን የወላጅ ምራቅ ነው። ገርሞኝ ብዙ መጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን «እሺ» ብቻ ብዬ መወልወያዬን አነሳሁ።

ሌሞ

በማግስቱ በጠዋት ተነሳን። ሹፌራችን ጋሽ ንጋቱ የሆሳዕና ልጅ ናቸው፤ አፋቸው አያርፍም። ከኋላ ጥግ ይዤ ስቀመጥ በመስታወት አዩኝና «ምነው፣ በሩን ገንጥለሽ ልትወጪ ነው እንዴ? ወደ መሐል ጠጋ በይ፣ መኪናው ለሦስታችንም ይበቃል» አሉኝ።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። ወደ ከተማ የሚመጡ የፈረስ ጋሪዎች ገብስና ጎመን ጭነው ከፊታችን ይመጣሉ፤ ባለጋሪዎቹ መንገድ አይለቁም፤ ጋሽ ንጋቱ መስኮቱን ዝቅ አድርገው እየተሳደቡ፣ ወዲያው ደግሞ እየሳቁ ሰላም እያሉ ያልፋሉ። ግራና ቀኙ የስንዴ ማሳ ነው፤ በየቤቱ ጓሮ እንሰቱ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል።

የመጀመሪያው ቤት የአባባ ሄራሞ ነበር። ትንሹ ልጃቸው ከሄደ ቆይቷል። ደጃፍ ላይ አግዳሚ አውጥተው አስቀመጡን። አቶ ሰለሞን ጓንታቸውን እያጠለቁ «ምራቃቸውን እንዲሰጡን ጠይቂልኝ» አሉኝ። እኔም ተቻኩዬ ልክ እንደዚያው በሀዲይኛ አልኩ።

አባባ ሄራሞ ብድግ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ አቶ ሰለሞን ቀረብ ብለው «እትፍ! እትፍ! ያግባህ፣ በሰላም ያግባህ፣ እጅህ የነካው ይባረክ! እትፍ!» አሏቸው። በእኛ አገር ሽማግሌ ምራቁን የሚሰጠው ሲመርቅ ነው። የአቶ ሰለሞን መነጽርም ግንባራቸውም ረጠበ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አቶ ሰለሞን ግን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ምርቃቱ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ «አሜን» አሉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ። ጋሽ ንጋቱ መኪናው ጀርባ ሄደው ሲስቁ ትከሻቸው ይታየኝ ነበር።

ሁለተኛ ጊዜ ነገሩን አስተካክዬ ነገርኳቸው። ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበት ቀጭን ዘንግ ጉንጫቸው ውስጥ ተሽከረከረና ፖስታ ውስጥ ገባ። አባባ ሄራሞ አፋቸውን በእጃቸው ጠርገው ጠየቁ፦

«የተገኘው ልጅ ሀዲያ ነው ወይስ ከምባታ?»

ስተረጉምላቸው አቶ ሰለሞን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያንን አይለይም። ጉራጌም ሊሆን ይችላል። አያቶቻችሁ ሲጋቡ፣ ሲገበያዩ፣ ሲዋለዱ ነው የኖሩት። ማሽኑ ቀበሌ አያውቅም።»

«ከቀበሌያችን ሊቀመንበር ይሻላል» አሉ ሽማግሌው። ሳቅን። እሳቸው ግን ፖስታውን ሲያዩ ቆዩና «የኔ ባይሆን ደስ ይለኛል እንዳልል፣ ያው የአንዱ ሰው ልጅ ነው» አሉ።

ቆጮ በአይብና በጎመን ሳንበላ አልለቀቁንም።

አንጋጫ

ከሌሞ ቀጥሎ ሌሎች ቤቶችም ገባን። ሁሉም ቤት ውስጥ ያየሁት አንድ ዓይነት ነው፤ ሰዎቹ አጥንቱ የልጃቸው እንዲሆንም እንዳይሆንም ይፈልጋሉ። ከሰዓት በኋላ ወደ አንጋጫ ወጣን። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ብርዱ ይጨምራል። የአምበሪቾ ተራራ አናቱን ደመና ሸፍኖት ከታች አረንጓዴው ብቻ ይታያል። መንገድ ዳር ባለች ሻይ ቤት ወርደን ሻይ በሁለት ብር ጠጣን፣ ትኩስ ቦንቦሊኖ ደግሞ በአንድ ብር በላን። የሻይ ቤቷ ባለቤት የእናቴን አነጋገር ከአፌ ሰምታ ሒሳቡ ላይ ቀነሰችልን።

ወይዘሮ ቴሬዛ ባላቸው የሞተባቸው ካቶሊክ ናቸው። ግድግዳቸው ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ ሥር መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። ጥግ ላይ አንድ አልጋ በንጹሕ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ይታያል። የልጃቸው የተመስገን አልጋ ነው። ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው «ድንበር ልንሻገር ነው» ብሎ ነበር።

በእኛ አገር ሞቱ በእርግጥ ላልታወቀ ሰው ድንኳን አይጣልም፤ ለቅሶ አይቀመጡም። ሟርት ይሆናል። ጎረቤት መጀመሪያ «አይዞሽ፣ ይደውላል» እያለ ይመጣል፤ እየቆየ ሲሄድ ምን እንደሚል ስለሚቸግረው መምጣቱን ይተዋል። ወይዘሮ ቴሬዛም የቀራቸው ይኸው አልጋ ነው።

«ከሞተ ሞቷል በሉኝ» አሉ ለአቶ ሰለሞን፤ እኔ ነኝ የተረጎምኩት። «ድንኳን ልጣልና ላልቅስ። ሞትን ሁሉም ቤት ያውቀዋል። ሳላለቅስ ማርጀቱ ነው የከበደኝ።»

አቶ ሰለሞን የጥጡን ዘንግ አወጡ። ከዚያ ሁሉም ቤት የሚጠይቁትን ጠየቁ፦ «የወለዱት ልጅ ነው?»

ጥያቄውን ቀስ ብዬ አሻገርኩ። ወይዘሮ ቴሬዛ እኔን አዩኝ።

«ልጄ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርግጠኛ መሆን ስላለብን ነው። ከማህፀንዎ የወጣ?»

ይህንን መተርጎም ከበደኝ። ሳልናገር ግን ገብቷቸው ነበር። «ልጄ ነው በይው» አሉኝ በከምባትኛ፤ ድምፃቸው ጠንከር አለ።

«ልጄ ነው ይላሉ» አልኩ። ምራቃቸው ተወሰደ።

ወደ መኪናው ሲሸኙን የእጄን አንጓ ያዙና ወደ ኋላ አስቀሩኝ። «ሙዱላ እህቴ ማርታ አለች። እሷንም አይታችሁ እለፉ።»

«የእናት ካለ የአክስት አያስፈልግም ይላሉ፣ አማ» አልኳቸው። አማ በሁለቱም ቋንቋችን እናት ማለት ነው።

«እሷንም» አሉ። እጄን የያዘው እጃቸው ጠበቀ። ዓይኔን ግን አላዩኝም።

ያኔ ገባኝ። በእናቴ ወገን አገር ልጅ ያልወለደች ሴት ካለች እህቷ ከልጆቿ አንዱን ትሰጣታለች። ልጁ ከተሰጠ በኋላ የወለደችው አክስት ትባላለች፤ ያሳደገችው እናት ናት። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ግን አያነሳም። ለአንዲት እናት «አንቺ አልወለድሽውም» ማለት ልጇን ከቤቷ መንጠቅ ነው። ወይዘሮ ቴሬዛ ለአቶ ሰለሞን አልዋሹም። በእሳቸው አፍ «አልወለድኩትም» ማለት ልጁን፣ ያውም ሞቶ ይሆናል በተባለበት ቀን፣ መካድ ነው። ነገር ግን ምራቃቸው ብቻ ከሄደ ልጁ ላይገኝ ነው።

ዱራሜ

እስከ ዱራሜ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ጋሽ ንጋቱ «ዛሬስ ጭራሽ ዘጋሽን» አሉ። ያደርንበት ከተማ ንጹሕ ነው፤ እራት የገባንበት ቤት ባለቤት ጉራጌ ናቸው፤ ክትፎው በቆጮ ቀረበ። እኔ ቆጮውን እቆርሳለሁ እንጂ አልበላም። ብናገር የማላውቀውን ቤት ምስጢር ለማላውቀው ሰው አወጣሁ ማለት ነው። ዝም ብል ደግሞ ያቺ ሴት ዕድሜ ልኳን ያንን አልጋ ስታነጥፍ ልትኖር ነው።

ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ጋሽ ንጋቱ መኪና ሊያጥቡ ሲወጡ፣ ብርጭቆዬን እያየሁ ጀመርኩ።

«አቶ ሰለሞን፣ አንዲት እናት ያልወለደችው ልጅ ቢሆን ማሽኑ ምን ይላል?»

«እናቱ አይደለችም ይላል።»

«እህትማማቾች ቢሆኑስ? የወለደችው እህቷ ብትሆን?»

ዳቦውን አስቀመጡ። «አጥንቱ ፀሐይና ዝናብ የበላው ነው። የቅርብ ዝምድና ሊታይም ላይታይም ይችላል። ብዙ ቤተሰብ ስላለ፣ እናት ነኝ ያለች ሰው ካልሆነች እሷን አልፈው ወደሌላው ይሄዳሉ።»

«ልጁስ?»

«ስም ሳይኖረው ይቀራል።»

«እንግዲያው ሙዱላ ብንሄድ ጥሩ ነው» አልኩ።

አቶ ሰለሞን የማን ቤት ነው፣ ማን ነገረሽ አላሉኝም። ሻያቸውን ጨርሰው ተነሱና በመስኮት «ንጋቱ! ነዳጅ ሙላ፣ ሙዱላ ልንወርድ ነው» ብለው ተጣሩ።

ሙዱላ

በሀደሮ በኩል ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ሹራቤን አወለቅኩ። እዚህ የዝንጅብል አገር ነው፤ በየደጁ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል። የገበያ ቀን ስለነበር አህያና ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ ጋሽ ንጋቱ ጥሩንባ መንፋት ሰልችቷቸው «ይህ መንገድ ነው ወይስ ገበያው ራሱ?» ይላሉ። የወይዘሮ ማርታን ቤት የጠየቅናት ሙዝ ሻጭ ሥራዋን ትታ እስከ ደጃቸው ወሰደችን።

ወይዘሮ ማርታ እንደ እህታቸው ረጅም ናቸው። ስለተመስገን ነው የመጣነው ስላቸው የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡ።

«ቴሬዛ ናት የላከቻችሁ?»

«አዎ፣ አማ።»

«እሷ ራሷ?»

«እሳቸው ራሳቸው።»

ቁጭ አሉ። አቶ ሰለሞን ሥራውን አስረዱ፤ እኔም ቃል በቃል አሻገርኩ። ወይዘሮ ማርታ ሰምተው ሲጨርሱ ጠየቁኝ፦ «እንደ ምን ሆኜ ነው የምሰጠው? እንደ አክስት?»

አቶ ሰለሞን ምን አሉ ብለው ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«ለላቦራቶሪው እውነቱን መጻፍ አለብኝ» አሉ። «ያለዚያ አይሠራም። እሱን የሚያነቡት ሥራቸው የሆነ ሰዎች ብቻ ናቸው። ወደዚህ የሚመለሰው መልስ ግን የልጁ ስም ብቻ ነው፤ እናቱ ማን እንደሆነች እኛ ለሰፈሩ አንናገርም። እሱን ሰፈሩ ነው የሚያውቀው።»

ወይዘሮ ማርታ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው አፋቸውን ከፈቱ። ዘንጉ ጉንጫቸው ውስጥ ሲዞር ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አፋቸውን ግን እስኪያልቅ አልዘጉም።

ስንወጣ ጋሽ ንጋቱ ምንም ሳይጠይቁ በሩን ከፈቱልኝ። እስከ ሀደሮ ድረስ አንድም ቀልድ አልቀለዱም።

መልስ

ስንመለስ በአንጋጫ አለፍን። ወይዘሮ ቴሬዛ መንገድ ዳር ቆመው ነበር። መኪናው አልቆመም፤ እኔ ሙዱላ ሄደናል ለማለት በመስኮት ራሴን ነቀነቅኩ፤ እሳቸውም ነቀነቁ። ሆሳዕና ስንገባ ካፊያ ነበር፤ ባጃጆቹ በአደባባዩ ይሽከረከራሉ። በማግስቱ ወደ መወልወያዬ ተመለስኩ።

መልሱ የመጣው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። አቶ ሰለሞን ወደ ጤና ጣቢያው ደውለው እኔን አስጠሩኝ። «ተመስገን ነው» አሉኝ። ስሙ ከታወቀ በኋላ አብረውት የሄዱትን ልጆች አግኝተው ስለደላላው መጠየቅ እንደጀመሩም ነገሩኝ። የምርመራውን መጨረሻ እኔ አላውቅም።

ስለምራቃችሁ ለምትጠይቁኝም መልሱ ይህ ነው፦ የአባባ ሄራሞና የሌሎቹ ምራቅ አልተጣለም። ሌላ ልጅ ከተገኘ ከእሱ ጋር ይተያያል። ሀዲያ፣ ከምባታ፣ ጉራጌ እያሉ ሰው ለመለየትም አልተወሰደም፤ ብንፈልግም አይለይም። የወለዳችሁትንም ያሳደጋችሁትንም ስትነግሩ አትፍሩ። መናገር ከከበዳችሁ ወይዘሮ ቴሬዛ እንዳደረጉት እጅ ያዙና ወደሚመለከተው ቤት ምሩን። እኔ ከዚህ ጉዞ የተማርኩት የሚያፍር ሰውም የጠፋ ሰው የሚገኝበት አንድ ጥያቄ ሊያወጣ እንደሚችል ነው።

አጥንቱ በትንሽ ሣጥን መጣና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ተቀበረ። ወይዘሮ ቴሬዛ ደጃፍ ላይ ድንኳን ተጣለ። መምጣት ያቆመው ጎረቤት ሁሉ መጣ። እሳቸው መሐል ተቀምጠው፣ የልጃቸውን ስም እየጠሩ፣ እስኪበቃቸው አለቀሱ። ወይዘሮ ማርታ ከሙዱላ መጥተው ከሴቶቹ ኋላ፣ ከድንኳኑ ጠርዝ ተቀምጠው ነበር። ቀትር ላይ ግን ብድግ አሉና ደረታቸውን እየመቱ «ልጄ! ልጄ! የኔ ልጅ!» ብለው ጮኹ። አንዳንድ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ወደ ወይዘሮ ቴሬዛ አዩ። ወይዘሮ ቴሬዛ ጎናቸው የተቀመጠችውን ሴት በእጃቸው አስነስተው እህታቸውን አጠገባቸው አስቀመጡ።

ማምሻውን ልሄድ ስል ወይዘሮ ቴሬዛ እስከ አጥሩ ሸኙኝ። ከድንኳኑ የወይዘሮ ማርታ ድምፅ አሁንም ይሰማል። ሙዱላ መሄዳችን ምስጢራቸውን በሰው ፊት እንዳወጣባቸው ፈርቼ «አማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

ወደ ድንኳኑ ዘወር ብለው ጥቂት ሲያዳምጡ ቆዩ።

«ተያት፣ ታልቅስ» አሉኝ። «ልጁ ለሁለታችንም ይበቃል።»